እዚህ ማንም አይተኛም

ከሥራ የታገደች ሴት በማለዳ ተነስታ የሥራ ልብሷን ስትተኩስ ማየት ሆድ ያባባል። ታላቅ ወንድሟ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከመታጠቢያ ቤቱ ሲወጣ ያገኛት እንደዚያ ነበር። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ፣ ሰማያዊውን ኮት ዘርግታ፣ የእጅጌውን መስመር በጥፍሯ እየተከተለች ካውያውን ታመላልሳለች። ደረቱ ላይ የተሰፋው የአምቡላንስ ምልክት ዘንድ ስትደርስ እጇን ታቀልላለች። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ እሷ መኝታ ቤቱን፣ እሱ ሳሎኑን ይዘው አሥራ አንድ ዓመት ኖረውበታል። እናታቸው ስታርፍ እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እሱ የሃያ ዓመት ጎረምሳ። ፀጉሯን መጎንጎን ከጎረቤት ተምሯል፣ ሰዓት መቁጠር አስተምሯታል፣ ትምህርት ቤት «የወላጅ ፊርማ» በሚለው መስመር ላይ የፈረመው እሱ ነው።

«ታግደሽ የለም እንዴ? ለማን ነው የምትተኩሺው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ጥፋተኛ ነሽ አሉኝ እንጂ ዝርክርክ ነሽ አላሉኝም።»

ሳቅ አለ፤ እሷ አልሳቀችም። ተኩሳ ስትጨርስ ብርድ ልብሱን ሁለት ጫፉን ያዘች፣ እሱም ሳትጠራው ሌላውን ሁለት ጫፍ ያዘ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደሚያደርጉት ወጠሩት፣ አራገፉት፣ ወደ መሃል ተራምደው ጫፍ ለጫፍ አገናኙት። ትንሽ ሳለች በዚህ ጊዜ ነበር የሆዷን የምትነግረው፤ እጆቿ ስለተያዙ ፊቷን መሸፈን አትችልም ነበርና።

የሆነው ነገር ይህ ነው። ከትናንት በስቲያ ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት ወደ አምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ ደወለች፤ ባሏ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ስፌት መኪናው ፊት እንደተቀመጠ ደረቱን ይዞ ወድቋል። ስልኩን ያነሳችው እህትየዋ ናት፣ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች። ቤቱን ስክሪኗ ላይ ካለው የአድራሻ መዝገብ መረጠች፣ አምቡላንስ ላከች፣ ከዚያም ሴትዮዋን ከስልክ ላለማጣት ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አናገረቻት። «መጡልሽ እናቴ፣ መንገድ ላይ ናቸው። በሩን ክፈችው። መጡልሽ።» አምቡላንሱ ግን ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ በሩ በቁልፍ በተከረቸመ የቀለም መደብር ፊት ቆሞ ጥሩንባ ያሰማ ነበር። ልብስ ሰፊው በሃያኛው ደቂቃ ሞተ። በማግስቱ የመልእክት መዝገቡ ሲታይ የተላከው አድራሻ የቀለም መደብሩ ነው፤ ላኪዋም ከነመለያ ቁጥሯ ተጽፋለች። ጥፋት እንደ ዝናብ ውሃ ነው፤ ከጣሪያው ላይ አይቆምም፣ ቁልቁል ወርዶ ዝቅ ያለው ሰው ቤት ይገባል። አድራሻውን የሚልከውን ማሽን የገዛው ኃላፊ አልተጠየቀም፣ ማሽኑን የሸጠው ድርጅት አልተጠየቀም፣ ማሽኑ ላይ ሌላ ሥራ የጫነው ክፍል አልተጠየቀም። ቀኑን ሙሉ ለሰው ጭንቅ «አቤት» የምትለው ሴት ታገደች፤ ጉዳዩ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ሻይና ዳቦ አቀረበች። ለራሷ ቀድታ አልጠጣችም።

«መነጽር ስንት ይሆን?» አለች።

«የምን መነጽር?»

«የዓይን ነዋ። የሥራ ባልደረባዬ የደሞዟን ሲሶ ነው ያወጣችው አሉ። ከኮሚቴው በፊት ልታይ ብዬ ነው። እኔ እኮ የልብስ ሰፊውን ቤት ነው የነካሁት፣ ወንድም ጋሼ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ ስክሪኑ ቀጥ አለ፤ ልክ ሲያወራ እንቅልፍ ሸለብ እንደሚያደርገው ሰው። ከዚያ ተላከ አለኝ። ግን ወረቀቱ ሌላ ነው የሚለው።» ያልጠጣችውን ሻይ ገፋ አደረገችው። «ከማሽኑ ሊሆን ይችላል እንዴ?»

ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ማሽኑ አድራሻ የሚልክበትን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው፤ መላው ቡድን ተጨማምሮበታል እንጂ ልቡን የሠራው እሱ ነው። «ሸለብ እንደሚያደርገው ሰው» ያለችው ቃል ጎኑ ላይ እንደ መርፌ ገባ። ምን እንደሆነ ወዲያው ያወቀው ይመስላል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም» አላት።

እውነት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ እውነት ከውሸት ይብሳል። እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ እፎይ ያለች ትመስል ነበር። «እኔም እሱን ነው ያልኳቸው» አለች። «የወንድሜ ሥራ አይሳሳትም አልኳቸው።»

ወደ ሥራ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ፣ የአንድ ሰውዬ ዣንጥላ ጉልበቱን እየወጋው፣ ነገሩን በልቡ ያወጣና ያወርድ ጀመር። ማሽን ውስጥ ከሁሉም ሥር የሚቀመጥ አንድ ፕሮግራም አለ፤ የሙያው ሰዎች ከርነል ይሉታል። የቤቱ ባለቤት እሱ ነው፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ተከራዮች ናቸው። ማን አሁን ይሥራ፣ ማን ለጊዜው ሥራውን አቁሞ ይተኛ፣ ማን ይነሳ ብሎ የሚያዝ እሱ ነው። ወንድምየው በጉብዝናው ዘመን ለስልክ ማዞሪያ ማሽኖች ከርነል ሲጽፍ ኖሯል፤ ከባለቤቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጠ ሰው ነበር ማለት ነው። ያ ድርጅት ሲዘጋ ወደ ተከራዮቹ ሰፈር ወጣ፣ ለአምቡላንስ፣ ለቀጠሮ፣ ለመጋዘን ፕሮግራም ወደሚጻፍበት። ሲወጣ ግን ባዶ እጁን አልወጣም። ከታች የተማራቸውን ዘዴዎች ይዞ ወጣ፤ ወጣቶቹ ባለሙያዎች በአድናቆት አፋቸውን ይከፍቱለት የነበረውም በዚያ ነው።

ከዘዴዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚያነቡትን መዝገብ ስታድስ አንባቢዎቹን ቁሙ አትበል። አዲሱን ቅጂ ከጎን አዘጋጅና ለጥፍ፤ ከእንግዲህ የሚመጣው አዲሱን ያንብብ፣ አሮጌውን የጀመረው አሮጌውን ይጨርስ። አሮጌውን የምትቀድደው የመጨረሻው አንባቢ ዞር ካለ በኋላ ብቻ ነው። የዘዴው ክብር ያለው በዚህች ጥበቃ ላይ ነው። ከርነል ውስጥ አንባቢው መሄዱን ማወቅ ቀላል ነው፤ እያነበበ ያለን ማንም አያስተኛውም፣ የሚያስተኛው ባለቤቱ ራሱ ነውና። ተከራይ ዘንድ ግን ባለቤቱ በፈለገው ሰዓት፣ ቃሉን ከአፉ ሳይጨርስ፣ ተከራዩን «ተኛ» ይለዋል። ስለዚህ እዚያ እያንዳንዱ አንባቢ ሲገባም ሲወጣም መፈረም አለበት። መፈረም ጊዜ ይወስዳል፤ ኢምንት ጊዜ ቢሆንም ይወስዳል። ወንድምየው ፊርማውን አስቀረው። አሮጌው ቅጂ ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ይቀደድ ብሎ ጻፈ፤ ግማሽ ሴኮንድ ለማሽን ዕድሜ ነው ብሎ። ዘዴውን ከባለቤቱ ቤት ይዞ ሲወጣ ሥልጣኑንም አብሮ የያዘ መሰለው። ፕሮግራሙ ፈጠነ፣ ድርጅቱ ጨረታውን አሸነፈ፣ እሱም የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ምስማሩን የመታችው እህቱ ናት።

ቢሮ ሲደርስ ገና ማንም አልገባም፤ ከአንዲት ሴት በቀር። ሥራቸው የሌሎችን ሥራ መፈተን ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሹራባቸውን ከወንበር ጀርባ የማያነሱ ሴት ናቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ስለሚያበዙ መላው ቢሮ «እትዬ ጥርጥር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ይወዱታል። ፊቱን አይተው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

«ማን ሞተብህ?»

«አንድ ልብስ ሰፊ» አላቸው፤ የቀረውንም ነገራቸው።

እትዬ ጥርጥር ወደ ጠረጴዛቸው ዞሩ። የድሮውን የግምገማ መዝገብ ከፈቱና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞሩለት። ሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት እሳቸው ጽፈዋል፦ «አንባቢው በመሃል ቢተኛስ? ግማሽ ሴኮንድ ካለፈ ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚያነበው የማንን ነው?» ከሥሩ የእሱ መልስ አለ። ያኔ ሳቅ እንዳለ ትዝ ይለዋል፣ ለአጠገቡ ሰው እንዳሳየውም። «እትዬ፣ እዚህ ማንም አይተኛም» ይላል። ከዚያ የሥራ አስኪያጁ «ጸድቋል» አለ፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

«ደውልላት» አሉት።

«ላረጋግጥ።»

«ማሽኑ ይጠብቅሃል፣ ልጄ። ሰው ነው የማይጠብቅህ። ደውልና ስምንት ሰዓት ላይ ምንም እንዳትፈርም ንገራት።»

«ሳላረጋግጥ ምን ብዬ? ቢሳሳትብኝስ?»

«አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ ጥርጥር በለሆሳስ፣ «መጠበቅ ያለብህ ቦታ ትቸኩላለህ፣ መቸኮል ያለብህ ቦታ ትጠብቃለህ።»

ነገሩ እርግጠኛ ለመሆን ብቻ አልነበረም። ወደዚያ መደወል ማለት ለዚያች ልጅ «የሰው ሕይወት ያጠፋው የእኔ እጅ ነው» ማለት ነው፤ ለዚያች የወላጅ ፊርማ ለፈረመላት ልጅ። ስለዚህ እንደ ብዙ የተማረ ሰው ፍርሃቱን ጥንቃቄ ብሎ ሰየመው። በሩን ዘጋ። የማዕከሉን ማሽን የመሰለ ማሽን አዘጋጀ፤ የዚያን ዕለት እንደነበረውም አጨናነቀው፤ ሥራ ሲበዛ የተከራይ እንቅልፍ ይረዝማልና። የማዕከሉ ኃላፊዎች ወጪ ለመቆጠብ ብለው የግቢውን ካሜራዎች ቅጂ በዚያው ማሽን ላይ እንዳስጫኑ የሰማው ዛሬ ጠዋት ነው። ከዚያ የቤት መዝገቡ በሚታደስባት ቅጽበት አንድ አድራሻ እንዲላክ አዘዘ፣ ደጋግሞም አዘዘ። መቶ ጊዜ ትክክል። ሁለት መቶ ጊዜ ትክክል። ልቡ መለስ ማለት ጀመረ፤ ምናልባት ዓይኗ ይሆናል ብሎ ተመኘ። የእህቱን ዓይን መታመም የተመኘባትን ያችን ደቂቃ ዕድሜ ልኩን አይረሳትም። በሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ላኪው ፕሮግራም በንባቡ መሃል ተኛ፣ አሮጌው ቅጂ ተቀደደ፣ ቦታው ለሌላ ቤት ተሰጠ፤ ላኪው ነቃና ዓይኑን ሳያሽ የሌላውን ሰው ቤት አንብቦ ላከ። መዝገቡም የተላከውን ጻፈ፤ የላኪዋን መለያ ቁጥር ከሥሩ አስቀምጦ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል።

ወረቀቱን ይዞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድም ወረቀት የማይታይ ሰው ነው። አነበበ፣ እንደገና አነበበ፣ ውሃ አዘዘለት።

«ወንድሜ፣ ዛሬ እዚህ የመጣኸው እንደ ባለሙያ ነው ወይስ እንደ ወንድም?»

«ምን ለውጥ አለው? የተሳሳተው ፕሮግራሙ ነው።»

«ፕሮግራሙ አይደለም የተሳሳተው፤ አንተ ነህ። እንደ ወንድም ከሆነ ማንም አያምንህም። እንደ ባለሙያ ከሆነ በአግባቡ ጻፈው፤ ጠበቃችን ይየው፣ ሰኞ እንነጋገር። በስልክ ምንም እንዳትል፤ ለራሷም አይበጃትም።»

ለራሷም አይበጃትም። እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ የሚያስበው ለሚገፋው ሰው ጥቅም ነው። ወንድምየው መቆጣት ነበረበት፤ ጠረጴዛውን መገልበጥ፣ በሩን መርገጥ ነበረበት። ሄዶ ተቀመጠና በአግባቡ ይጽፍ ጀመር። ምክንያት፣ ሁኔታ፣ ማስረጃ፣ መፍትሔ። ሃያ አምስት ዓመት የሠለጠነበት ይህ ነው፤ እጁ ከልቡ ቀድሞ ይታዘዛል። ቀና ሲል የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሃያ ይላል። ስልኩን አንስቶ ደወለላት፤ ስልኳ ዝግ ነበር። የጻፈውን አትሞ፣ ወረቀቶቹን ከማተሚያው መንጭቆ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። እትዬ ጥርጥር ከመስኮቱ ያዩት ነበር፤ ሹራባቸውን ዛሬ ለብሰውታል።

የጥሪ ማዕከሉ ዘበኛ ያውቀዋል። «ምነው ዘገየህ?» አለው፤ ከዚያ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶት ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «ከወጣች ቆይታለች። በእግሯ ነው የሄደችው። ሰላም ለእናንተ ብላን ነው የሄደችው።»

ቤት ሲደርስ ፀሐይዋ ሳሎኑን አቋርጣ የምስክር ወረቀቱን መስታወት ታበራው ነበር። እህቱ ከገመዱ የወረደ አንሶላ ጉልበቷ ላይ ከምራ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሰማያዊው ኮት የለም።

«አስረከብኩት» አለች ሳይጠይቃት። «ተተኩሶ ነው የተቀበሉኝ። ጸሐፊዋ ‹እንዲህ አምሮ የሚመለስ አይተን አናውቅም› አለችኝ።»

«ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ አንድ ረጅም ሥራ የጨረሰ ሰው ድካም ነው ያለው። «መጀመሪያ ዓይኔን ታየሁ። ሰውየው ፊደሎቹን ሁሉ አስነበበኝ፤ የመጨረሻዋን መስመር ሳይቀር። ዓይንሽ ከእኔ ዓይን ይሻላል፣ መነጽር ምን ያደርግልሻል አለኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ከዚያ መንገድ ላይ ሳስበው፣ ዓይኔ ደህና ከሆነ፣ የአንተም ማሽን ደህና ከሆነ፣ እንግዲህ የቀረው አእምሮዬ ነው። ሌላ ምን ይቀራል? በሥራ ድካም አእምሮዬ ተዘናግቶ ብዬ ፈረምኩ።» አንሶላውን ዳበሰችው። «ሚስትየውም እዚያ ነበሩ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኳቸው። ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ጎረቤቴ መኪና ነበረው። ድምፅሽን አምኜ ነው ያልለመንኩት› አሉኝ።»

የማእድ ቤቱ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ወንድምየው ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ፣ አንሶላው ላይ አስቀመጠላት። ቆሞ፣ እንደ ተማሪ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ያልገባት መስመር ላይ ጣቷን እያስቀመጠች፣ እሱ ባስተማራት ዓይነት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ብዙ ቆየ።

«ነገ ራሴ እወስደዋለሁ» አላት ፈጥኖ። «ለኮሚቴው እሰጣለሁ። ሥራ አስኪያጁ ቢፈልግ ያባርረኝ። ውሳኔውን ይሽሩታል፣ እህቴ፣ ይሽሩታል።»

«ይሽሩት ይሆናል።»

«ለሚስትየውም እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?» አለች፤ መልስ ግን አልጠበቀችም። ወረቀቶቹን አስተካክላ፣ ጠርዝ ለጠርዝ አድርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ ቁልጭ ባሉት ጤነኛ ዓይኖቿ አየችው።

«ጠዋት ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አላወቅኩም» ሊል ይችል ነበር። በጥብቅ ቢታይ ውሸት አይሆንም፤ ማስረጃ ያገኘው ሰባት ተኩል ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ያበራል፤ ቧንቧው ጠብ ይላል።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ።

እህትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ጠዋት እንደነቀነቀችው ዓይነት።

«ቆይ፣ ጠብቂ ብትለኝ እኮ እጠብቅ ነበር» አለች። «ለምን እንኳ ብዬ አልጠይቅህም ነበር።»

ተነሳችና አንሶላውን ያዘች። እሱም ከልማዱ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ሌላኛውን ጫፍ ለመያዝ እጆቹን ዘረጋ። እሷ ግን ሁለቱን ጫፍ አገጯ ሥር አድርጋ፣ በክንዷ ወጥራ፣ ብቻዋን አጠፈችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ትንሽ ዘመመ። ደረቷ ላይ አቅፋው ወደ መኝታ ቤቱ ገባች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እሱ ሳሎኑ መሃል እጆቹን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር።